«አዲሱ ፕሮሰሰር አልነሳ አለኝ፤ ባዮሱን ልንካው?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው አዳማ የሚኖር፣ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት በማድረግ የሚተዳደር ወጣት ነው። ማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ኤምኤስአይ ቢ450 ቶማሃውክ፣ ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 2600 ነው። ታላቅ እህቱ ከዱባይ ራይዘን 5 5600 ላከችለት። ፈትቶ ገጠመው። ፋኑ ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። አሮጌውን ሲመልስ ኮምፒውተሩ እንደ ድሮው ሠራ። አንዱ ጓደኛው «ባዮሱን አፕዴት አድርግ» አለው፤ ባዮስ ማለት ማዘርቦርዱ ላይ ያለ፣ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ ፕሮግራም ነው። ሌላው ደግሞ «ባዮስ የነካ ማዘርቦርዱን ቀበረ» አለው። በዚያ ላይ ሰፈራቸው መብራት ይሄዳል። «ፕሮሰሰሩ ተበላሽቶ ቢሆንስ? መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ቦርዱ አለቀለት ማለት ነው?» ይላል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ልብህን ላሳርፈው። ከነገርከኝ ተነስቼ ፕሮሰሰሩ ጤነኛ ነው ብዬ እገምታለሁ። ማዘርቦርድህም ምንም አልሆነም፤ 2600ውን ስትመልስ መነሳቱ ራሱ ምስክር ነው። ሁለቱ ገና አልተዋወቁም፤ ችግሩ ይኸው ነው። የሚያስተዋውቃቸው ባዮሱ ነው። ያንተ ባዮስ የተጻፈው ግን 5600 የሚባል ፕሮሰሰር ከመምጣቱ በፊት ነው።

ስለዚህ መልሴ «አዎ፣ አፕዴት አድርግ» ነው። ይህን ለሁሉም ሰው አልልም። «ኮምፒውተሬ እንዲፈጥንልኝ ባዮሱን አፕዴት ላድርግ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እሱን ተው እለዋለሁ። በደህና የሚሠራ ኮምፒውተር ባዮሱ ስለታደሰ ብቻ አይፈጥንም። አንተ ግን ምክንያት አለህ። ምክንያት ያለው ሰው ደግሞ መፍራት የለበትም፤ መዘጋጀት ነው ያለበት።

ለምን እንዳልነሳ ልንገርህ፤ ይህን ካወቅክ ቀሪውን ሥራ በልበ ሙሉነት ትሠራዋለህ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ። 2600 የወጣው በ2018 ኤፕሪል ነው። ቢ450 ቦርዶች የወጡት በዚያው ዓመት ክረምት ላይ። የ5000 ትውልድ ራይዘን የመጣው በ2020 ኖቬምበር ነው። ያንተ 5600 ደግሞ በ2022 ኤፕሪል። በቦርድህና በአዲሱ ፕሮሰሰርህ መካከል አራት ዓመት ገደማ አለ። ሶኬቱ ግን አንድ ነው፤ ኤኤም4። 1331ዱ እግሮች ቀዳዳቸው ውስጥ ቁጭ ይላሉ። ቁጭ ስላለ ይነሳል ማለት ግን አይደለም።

እንዲያውም ያንተ ቦርድ ይህን ዕድል ጨርሶ ሊያጣ ነበር። በ2020 ሜይ ላይ የራይዘን አምራች ኤኤምዲ አዲሱን ትውልድ የሚደግፉት 500 ተከታታይ ቦርዶች ብቻ ናቸው አለ። ቢ450 የገዛው ሰው ሁሉ ጮኸ። ኩባንያው በዚያው ወር ሐሳቡን ቀየረ። ከ2020 መጨረሻ አንስቶ ለቢ450 የሚሆኑ ባዮሶች መውጣት ጀመሩ። ዛሬ አንተ በድሮ ቦርድህ ላይ አዲስ ፕሮሰሰር ልትጭን የቻልከው እነዚያ ሰዎች ስለጮኹ ነው።

ማብሪያውን ስትጫን የሚሆነው እንዲህ ነው። በራይዘኑ ሆድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሌላ ፕሮሰሰር አለች። መጀመሪያ የምትነሳው እሷ ናት። ማዘርቦርዱ ላይ ካለችው የባዮስ ቺፕ የራሷን ትእዛዝ ፈልጋ ታነባለች። ራሙን ትቀሰቅሳለች፤ በየትኛው ፍጥነት እንደሚሠራ ትሞክራለች። ዋናዎቹ ኮሮች (ሥራውን የሚሠሩት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) የሚነሱት ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆነውን ኮድ ኤኤምዲ አጌሳ በሚል ስም ያዘጋጃል። የማዘርቦርድ አምራቾች በየባዮሳቸው ውስጥ ያስገቡታል። ያንተ ቺፕ ውስጥ የ2600 ትእዛዝ አለ፤ የ5600 ግን የለም። ፈልጋ አጣች፤ ቆመች። ስክሪን እስከማብራት እንኳ አልደረሰችም።

ይህን በዓይንህ ማየት ትችላለህ። ቶማሃውኩ ላይ አራት ትናንሽ መብራቶች አሉ፤ ሲፒዩ፣ ዲራም፣ ቪጂኤ፣ ቡት ይላሉ። 5600ውን ስትገጥም የሲፒዩዋ በርታ የምትቀር ከሆነ ያልኩህ ነገር ነው ማለት ነው። ሌላ አንድ ነገርም አረጋግጥ። 2600ም 5600ም የራሳቸው ግራፊክስ የላቸውም። የስክሪኑ ገመድ መሰካት ያለበት ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። ሲፈታና ሲገጠም ገመዱ ቦታ ተሳስቶ ቀኑን ሙሉ የተንገላታ ሰው አይቻለሁ።

አሁን ወደ ባዮስ ፋይሉ። ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህን ነው፤ ከመብራት መሄድ የበለጠ።

ቶማሃውክ የሚባል ቢ450 ቦርድ ከአንድ በላይ ዓይነት ነው። አንዱ ቶማሃውክ ብቻ ነው። ሌላው ቶማሃውክ ማክስ ነው። ሁለቱም ላይ የተጻፈው የሞዴል ቁጥር 7ሲ02 ነው። ልዩነታቸው የባዮስ ቺፑ ነው። የመጀመሪያው 16 ሜጋባይት ይይዛል፤ ማክሱ 32። ኤኤም4 ሶኬት ብዙ ትውልድ ስላስተናገደ የየፕሮሰሰሩ ትእዛዝ እየተደራረበ ትንሿ ቺፕ ሞላች። ማክስ የሚባሉት ቦርዶች የመጡት በዚህ ምክንያት ነው። የባዮስ ፋይላቸውም ይለያያል። ከ7ሲ02 ቀጥሎ ቪ1 የሚለው ያንተ ነው፤ ቪ3 የሚለው የማክሱ ነው። ስማቸው አንድ መስሎህ እንዳትሳሳት።

ቦርድህ የትኛው እንደሆነ ከደረሰኝ ወይም ከሻጭ ቃል አትውሰድ። ኬዙን ክፈትና ቦርዱ ላይ የታተመውን ስም በስልክህ ባትሪ እያበራህ አንብብ። ከዚያ 2600ው ተገጥሞ ሳለ ዊንዶውስ ውስጥ የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አንድ ላይ ተጫን። ኤምኤስኢንፎ32 ብለህ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍ። በሚመጣው ገጽ ላይ የቦርዱን ስም፣ የባዮሱን ቅጂና ቀኑን ታገኛለህ። በወረቀት ጻፈው። በኋላ «ተቀይሯል ወይስ አልተቀየረም?» ለሚለው መልሱ ያ ወረቀት ነው።

ፋይሉን ከአምራቹ ከራሱ ድረ ገጽ፣ ከቦርድህ ገጽ ላይ አውርድ። ከቴሌግራም ቻናል፣ ከጓደኛ ፍላሽ፣ «የተሞከረ» ከሚል ሰው አትውሰድ። እዚያው ገጽ ላይ ቦርዱ የሚደግፋቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር አለ። 5600ን ፈልግ። ከጎኑ የትኛው ቅጂ ላይ መደገፍ እንደጀመረ ተጽፏል። እኔ ብሆን ከዚያ ወዲህ ከወጡት ውስጥ ቤታ (ገና በሙከራ ላይ ያለ) ያልሆነውን የመጨረሻውን እወስዳለሁ። ከየቅጂው ስር ያለችውን አጭር ማብራሪያ ደግሞ ሳታነብ አትለፍ። አንዳንድ ቦርድ በአንድ ዝላይ አይሄድም። ለምሳሌ ጊጋባይት የተባለው አምራች የሠራቸው አንዳንድ ቢ450 ቦርዶች ኤፍ40 የሚባለውን ከመጫንህ በፊት በኤፍ32 እንድታልፍ ያዛሉ። ይህ የሚጻፈው እዚያች ማብራሪያ ላይ ነው። አንዳንዴም «ከዚህ ቅጂ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም» የሚል ታገኛለህ።

የወረደው ዚፕ ነው። ፍታው። ውስጡ ያለውን የባዮስ ፋይል መጠን እይ። ለ16 ሜጋባይት ቺፕ ፋይሉ 16,384 ኪሎባይት ይሆናል። 32,768 ካየህ የማክሱን አውርደሃል፤ ተመለስ። ይህች አንዲት እይታ ብዙ ቦርድ ታድናለች።

ለፍላሹ ብዙ አልልህም። ትንሽ፣ ተራ፣ የምታምነው ፍላሽ ይሁን፤ 8 ወይም 16 ጊጋባይት በቂ ነው። በፋት32 ፎርማት አድርገው። ኤንቲኤፍኤስ ከሆነ ባዮሱ ላያየው ይችላል። ፋይሉን አቃፊ ውስጥ ሳትከት እንዲሁ አስቀምጠው።

ከመጀመርህ በፊት ግን ሁለት ነገር አለ።

አንደኛው ሴቲንግህ ነው። አፕዴቱ ሲያልቅ የባዮስ ሴቲንግ ሁሉ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ስለዚህ ባዮስ ውስጥ ገብተህ እያንዳንዱን ገጽ በስልክህ ፎቶ አንሳ። በተለይ ዊንዶውስህ በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ አነሳስ) ነው ወይስ በድሮው መንገድ የሚነሳው የሚለውን ያዝ። ራምህን በኤክስኤምፒ ወይም ፕሮሰሰሩን በኦቨርክሎክ ከፍ አድርገህ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ነባሩ መልሰው። የሚጻፈው ፋይል መጀመሪያ የሚቀመጠው ራም ላይ ነው። ራሙ የሚንገዳገድ ከሆነ የተበላሸ ነገር ቺፑ ላይ ልትጽፍ ትችላለህ።

ሁለተኛው ቢትሎከር፣ ማለትም የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ነው። እዚህ ጋ ቆም በል። ብዙ ሰው ዲስኩ የተቆለፈ መሆኑን አያውቅም፤ ዊንዶውስ 11 በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ሳይጠይቅ ይቆልፈዋል። ራይዘን ላይ የቁልፉ ጠባቂ ኤፍቲፒኤም ነው፤ እሱ ደግሞ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተሳሰረ ነው። ፕሮሰሰሩን ስትቀይር ጠባቂው አብሮ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ 48 አሃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ አምጣ ይልሃል። ከሌለህ ዲስኩ ላይ ያለው ሥራ እዚያው ተቆልፎ ይቀራል። የማንም ጠጋኝ ጉብዝና አይከፍተውም። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተሯን ይዛ መጥታ ቁልፉን ስጠይቃት «የምን ቁልፍ?» ያለችኝ ዛሬም ይታወሰኛል። ሌላ ሰው ጋ ባዮሱ ተነክቶ ነበር የመጣችው። ከማይክሮሶፍት አካውንቷ ላይ ቁልፉን እስክናገኘው ድረስ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንተም ያልተረከበ የሰው ሠርግ ዲስክህ ላይ ይኖራል። ስለዚህ ቢትሎከሩን ጭራሽ አጥፋው። ቁልፉንም ወረቀት ላይ ጻፈው። የማይክሮሶፍት አካውንትህን ፓስወርድም አረጋግጥ፤ ፕሮሰሰሩ ሲቀየር የዊንዶውስ ፒንህ አልሠራ ሊልና እንደገና አውጣ ሊልህ ይችላል። ያልተረከቡትን ቪዲዮዎች ደግሞ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጣቸው።

አሁን መብራቱ። ባዮስ ሲጻፍ ቺፑ መጀመሪያ ይጠፋል፤ ከዚያ ይጻፋል፤ በመጨረሻ ይነበብና ይመሳከራል። ሁሉም ተደምሮ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። ክፉው ጊዜ አሮጌው ጠፍቶ አዲሱ ሳያልቅ ያለው ነው። መብራት በዚያ መሃል ከሄደ ቺፑ ላይ ግማሽ ባዮስ ይቀራል።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ተዋስ። የምታውቀው ፎቶ ቤት፣ ኢንተርኔት ካፌ ወይም ቢሮ ካለ ለአንድ ከሰዓት አውሱኝ በል። ስታብላይዘር ግን ዩፒኤስ አይደለም። ይህን የምለው «ስታብላይዘር አለኝ፣ ምንም አልሆንም» የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው። ስታብላይዘር ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ዩፒኤሱንም ዝም ብለህ አትመነው፤ ባትሪው አርጅቶ ለታይታ የተቀመጠ ብዙ ነው። ኮምፒውተሩንና ስክሪኑን ሰክተህ አብራ። ባዶ ዴስክቶፕ ላይ ሆነህ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ንቀል። 10 ደቂቃ ከያዘልህ ይበቃሃል። ሁለት ደቂቃ ላይ ጮኾ ከጠፋ ሌላ ፈልግ።

ዩፒኤስ ጨርሶ ከጠፋ መብራት የማይለዋወጥበት ሰፈር ወዳለ ጓደኛህ ቤት ኬዙን ይዘህ ሂድ። ፍሪጅ ወይም ምጣድ ባለበት ዲቫይደር ላይ አትሰካ። በረኛው ቆጣሪ እንዳይነካ፣ ልጆች ገመድ እንዳይረግጡ ለቤቱ ሰው ንገር። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን አምስት ደቂቃ ነው የምትለምነው።

ሥራው ራሱ ከዝግጅቱ ይቀላል። 2600ው እንደተገጠመ ይቆይ። ፍላሹን ከኋላ ሰካ። ኮምፒውተሩን አብራና የዲሊት ቁልፍን ደጋግመህ ምታ። ኤም ፍላሽ የሚለውን ምረጥ። ኮምፒውተሩ አንዴ ተነስቶ ልዩ ገጽ ላይ ይገባል። ፍላሹን፣ ቀጥሎ ፋይሉን ምረጥ። «አዎ» በል። ከዚህ በኋላ እጅህን አንሳ። መስመሩ እየሞላ ይሄዳል። የቆመ ቢመስልህም አትንካው። ሲጨርስ በራሱ ይነሳል። አስደንጋጯ ሰዓት ደግሞ ይህች ናት፤ መጀመሪያ ሲነሳ ስክሪኑ ጨልሞ ሊቆይ፣ ራሱን አጥፍቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊሞክር ይችላል። ራሙን እያስተካከለ ነው። አምስት ደቂቃ ታገሰው።

ከዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ አፕዴት የሚያደርግ ፕሮግራምም አለ። እኔ ዴስክቶፕ ላይ አልጠቀምበትም። ምክንያቴን ልንገርህ።

ሙያውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኮምፒውተሩን አመጣልኝ። ባዮሱን ከዊንዶውስ ውስጥ አፕዴት ማድረግ ጀመርኩለት። መስመሩ ከግማሽ ትንሽ አልፎ ቀጥ አለ። ማውሱ አይንቀሳቀስም። ከኋላ አንድ ሌላ ፕሮግራም ዊንዶውሱን አንቆት ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። በመጨረሻ ማብሪያውን ይዤ አጠፋሁት። አልተነሳም። ልጁ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «የመመረቂያ ጽሑፌስ?» አለኝ። ሃርድ ዲስኩን ፈትቼ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁለት። ጽሑፉ እንዳለ አለ። ባዮስ ሲበላሽ ዲስክ አይነካም፤ ያን ቀን ግን ይህን ለልጁ በቃል መንገር አይበቃም ነበር፤ ፋይሉን ከፍቼ የመጨረሻዋን ገጽ አሳየሁት። ቦርዱ ሦስት ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። መጻፊያ መሣሪያ ሲመጣልኝ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ የዴስክቶፕ ባዮስ የምሠራው ከባዮሱ ከራሱ ውስጥ ብቻ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለተኛው ጥያቄህም ይመለሳል። መሃል ላይ ቢበላሽ ቦርዱ አለቀለት ማለት አይደለም። «ባዮስ የነካ ማዘርቦርዱን ቀበረ» የሚለው አባባል የድሮ ነው፤ መነሻ ግን አለው። በ1999 ኤፕሪል 26 ቼርኖቤል የሚባለው ቫይረስ በብዙ አገር ኮምፒውተሮች ላይ ፈነዳ። የባዮስ ቺፑን ሳይቀር እያበላሸ ጻፈበት። ቺፑን አውጥቶ የሚጽፍለት ያጣ ሰው ቦርዱን ጣለ። ዛሬ ነገሩ እንደዚያ አይደለም።

ያንተ ቦርድ በተለይ ዕድለኛ ነው። ከኋላው ባዮስ ፍላሽ የሚያደርግ ቁልፍ አለው። ይህ ቁልፍ ፕሮሰሰርም ራምም ሳይኖር ይሠራል። ከፓወር ሰፕላዩ ትልቁ ባለ 24 እግር ገመድና የፕሮሰሰሩ ባለ 8 እግር ገመድ መሰካታቸው ይበቃል። ፋይሉን ስሙን ትቀይረዋለህ፤ ኤም፣ ኤስ፣ አይ፣ ከዚያ ነጥብ፣ ከዚያ አር፣ ኦ፣ ኤም፤ ሁሉም በትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል። መጀመሪያ ዊንዶውስ የፋይል መጨረሻ ፊደሎችን እንዲያሳይህ አድርግ፤ ካልሆነ ስሙ የተቀየረ መስሎህ ከኋላው ሌላ መጨረሻ ፊደል ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ቁልፉ የማይሠራላቸው ሰዎች ብዙዎቹ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፍላሹን ለዚሁ በተመደበው ቀዳዳ ሰካ፤ ከኋላ ላይ ምልክት አለው። ቁልፉን ተጫን። መብራቷ ትርገበገባለች። ስትቆም አለቀ ማለት ነው። እስከ 10 ደቂቃ ታገስ። አሱስና ጊጋባይት ላይም ተመሳሳይ ቁልፍ ያላቸው ቦርዶች አሉ፤ የፋይሉ ስም ግን በየአምራቹ ይለያያል፤ መመሪያቸውን እይ።

«ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው በቁልፉ አልሠራም?» ትል ይሆናል። ቁልፉ አያናግርህም። ፋይሉ ልክ ይሁን አይሁን፣ ስንት ከመቶ ደረሰ፣ የምታየው ነገር የለም። ኤም ፍላሽ በስክሪን ያሳይሃል። 2600ው በእጅህ እያለ የምታየውን መንገድ ሂድ። ቁልፉ ለክፉ ቀን ይቀመጥ።

ቁልፍ የሌለው ቦርድ ቢሆንስ? ያኔ ሲኤች341ኤ የሚባል ትንሽ መጻፊያ አለ፤ ርካሽ ነው። ቦርዱ ላይ ስምንት እግር ያላትን የባዮስ ቺፕ በቆንጣጭ ገመድ ትይዛታለህ። ቀዩ ሽቦ ቺፗ ላይ ነጥብ ካለበት እግር ጋር ይገጥማል። መጀመሪያ ያለውን ታነባለህ። ሁለት ጊዜ አንብበህ ሁለቱ ፋይሎች አንድ መሆናቸውን ታመሳክራለህ፤ ካልተመሳሰሉ ቆንጣጩ በደንብ አልያዘም። ያነበብከውን አትጣለው፤ የኔትወርክ ካርዱ አድራሻና የቦርዱ ሴሪያል ቁጥር አንዳንዴ እዚያ ውስጥ ነው የሚኖረው። ከዚያ ትጽፋለህ፤ ታመሳክራለህ። ሁለት ጥንቃቄ አለው። አንዳንድ ቺፕ በ3.3 ቮልት ሳይሆን በ1.8 ቮልት ነው የሚሠራው፤ መቀነሻ ካላስገባህበት ይቃጠላል። ርካሾቹ መጻፊያዎች ደግሞ ብዙዎቹ በዳታ መስመሩ 5 ቮልት ይልካሉ። ስለዚህ ይህን እጁ ለለመደ ሰው ስጠው። «ባዮስ ትጽፋለህ? መጻፊያ አለህ?» ብለህ ጠይቀው። ሳያይ «ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ ቀይር» ካለህ ሌላ ሰው ጋ ሂድ።

አፕዴቱ ከተሳካ በ2600ው እንዳለ ግባና ቅጂው መቀየሩን ከወረቀትህ ጋር አስተያይ። የባዮሱ ገጽ ተቀይሮ ያሸበረቀው ቀርቶ ቀለል ያለ ቢሆን አይደንግጥህ። 16 ሜጋባይቱ ስላልበቃ አምራቹ ገጹን አቅልሎታል፤ የድሮ ኤ ተከታታይ ፕሮሰሰሮችንም አውጥቷል። ዲስኮችህን በሬይድ አያይዘህ ከሆነ ግን መደገፉን ከማብራሪያው ላይ አስቀድመህ አረጋግጥ።

ከዚያ ፕሮሰሰሩን ቀይር። እዚህ ጋ ቀስ በል። ኤኤም4 ላይ እግሮቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። የደረቀ ተርማል ፔስት ፕሮሰሰሩን ከማቀዝቀዣው ጋር እንደ ማስቲካ ያጣብቀዋል። በኃይል ወደ ላይ ስትስብ ሶኬቱ ተቆልፎ ሳለ ፕሮሰሰሩ አብሮ ተነቅሎ ይወጣል፤ እግሮቹም ይታጠፋሉ። ስለዚህ ኮምፒውተሩን አሥር ደቂቃ ያህል አሠራውና ይሙቅ። አጥፋ፣ ገመዱን ንቀል። ብሎኖቹን ፍታ። ማቀዝቀዣውን ሳታነሳ ግራና ቀኝ በዝግታ አሽከርክረው፤ ሲለቅህ በእጅህ ይሰማሃል። ያኔ አንሳው። አዲሱን በጥግ ላይ ባለችው ሦስት ማዕዘን አዛምደህ አስቀምጥ፤ አትጫነው፤ በራሱ ክብደት ይገባል።

ስታበራው ኤፍቲፒኤም ተቀይሯል የሚል ጥቁር ገጽ በእንግሊዝኛ ሊመጣ ይችላል። ዋይ ካልክ ይደመስሰዋል፤ ኤን ካልክ ይተወዋል። ቢትሎከሩን እንዳልኩህ ካጠፋህ ዋይ በል። ካላጠፋህ ወይም ከተጠራጠርክ ኤን በልና አሮጌውን ፕሮሰሰር መልሰህ መጀመሪያ ቢትሎከሩን ፍታ።

ዊንዶውሱ አልነሳ ካለ ወደ ፎርማት አትሩጥ። ፎቶህን አውጣ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ዩኢኤፍአይና የድሮው አነሳስ ተለዋውጠው ነው፣ ወይም የዲስኩ ቅደም ተከተል ተቀይሮ ነው። እንደነበረ መልሰው። ሁሉ ነገር ከተረጋጋ በኋላ ኤክስኤምፒውን አብራ፤ ካላበራኸው ራምህ ከአቅሙ በታች ይሠራል፤ ለቪዲዮ ሥራህ ደግሞ ልዩነቱ ይሰማሃል።

ይህን የሚያነቡ ሌሎችም ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። ፕሮሰሰር ሳይቀይሩም ባዮስ አፕዴት ማድረግ ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ዴስክቶፕ ያላችሁ፣ በተለይ ባለ ኬ የሆኑት፣ ከ2024 መጨረሻ በፊት የተጻፈ ባዮስ ይዛችሁ ከሆነ ዛሬ ቀይሩት። ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቀ ራሱን ይጎዳ ነበር፤ ማስተካከያው የመጣው በባዮስ ነው። የተጎዳውን አይመልስም፤ ያልተጎዳውን ግን ይጠብቃል። ራይዘን 7000 ኤክስ3ዲ የገዙም እንዲሁ፤ በ2023 የተወሰኑት ሶኬታቸው ላይ ከተቃጠሉ በኋላ ቮልቴጁን 1.3 ላይ የሚገድብ ባዮስ ወጥቷል። ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ባትሪውም ሞልቶ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይሁን።

አንተ ግን 2600ውን ቶሎ አትሽጠው። ገዢ ቢመጣም አንድ ወር አቆየው። አዲሱ ፕሮሰሰር የመጣበት ፕላስቲክ ውስጥ እግሮቹን ሳትነካ አስቀምጠው። 5600ው ከአፕዴቱ በኋላም የሲፒዩ መብራት ላይ ከቀረ ግን ያኔ ፕሮሰሰሩን መጠርጠር እንጀምራለን። እግሮቹን በማጉያ አይተህ፣ ከላይና ከታች ፎቶ አንስተህ፣ ከወረቀቱ ላይ የጻፍከውን የባዮስ ቅጂ ጨምረህ መልሰህ ጻፍልኝ።